መኪናዎ ከፊት በኩል ሲያንኳኳ

አንባቢ ሆይ፤ አምባሰል ሲባል ሙዚቃ ወዳዱ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱን ያስባል፤ መኪና የሚነዳ ሰው ግን የሚያስበው ቁልቁለቱን ነው። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የተሁለደሬ ወረዳ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሐይቅ ይደርሳል። መንገዱ ሐይቁን በስተ ቀኝ ትቶ ወደ ውጫሌ ያልፋል፤ ከውጫሌም ወዲያ እየተጠማዘዘ ወደ ውርጌሳና ወደ መርሳ ይወርዳል። ከደሴ በስተ ደቡብ ደግሞ የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ፤ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። በእንዲህ ያለ አገር ፍሬን በተያዘ ቍጥር የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይጫናል፤ ጭነቱንም የሚሸከመው የፊቱ እግር ነው።

እንግዲህ መኪናዎ ጕድጓድ ሲገባ ወይም ፍሬን ሲይዙ ከፊት በኩል «ቋ፥ ቋ» የሚል ከሆነ፥ ራዲዮኑን ከፍ አድርገው ድምፁን ለማጥፋት አይሞክሩ። አንድ ወጣት መምህር ወይም የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ከወንድሙ ጋራ ገንዘብ አዋጥቶ የገዛው መኪና ብዙውን ጊዜ ከራሱ በዕድሜ የሚበልጥ ቶዮታ ኮሮላ ነው። በ1916 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን አሮጌ መኪና እየጠገኑ መኖር ግድ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው የፊቱን ክንድ በግቢዎ ውስጥ በገዛ እጅዎ ስለ መለወጥ ነው፤ ሥራው ይቻላል፤ ነገር ግን ሰው የሚሞትበትም፥ አዲሱ ዕቃ በጥቂት ወር ተበጣጥሶ የሚቀርበትም ቦታ አለው።

የጋራዦቻችን ቋንቋ ግማሹ ኢጣልያንኛ መሆኑን ልብ ብለው ያውቃሉ? ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ወርረው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፈው ሲወጡ፥ ከአሥመራ በደሴ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ብቻ ሳይሆን የመኪናውንም ብልቶች ስም ትተውልን ሔዱ። ጎማ፥ ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ካቻቢቴ፥ ብሎን፥ ክሪክ ሁሉ ከዚያው የመጡ ናቸው። የዛሬው ነገራችንም በመካኒኮች አፍ ብራቾ ይባላል፤ ትርጕሙም ክንድ ማለት ነው።

ብራቾ በእርግጥም ክንድ ይመስላል። አንደኛው ወገኑ ከመኪናው አካል ጋራ በሁለት ቦታ በብሎን ይታሰራል፤ በነዚህ በሁለቱ ቦታዎች ብረት ከብረት እንዳይፋጭ በመካከል ጎማ የተለበጠበት ቀለበት አለ። ይህን ቀለበት ቦኮላ ይሉታል፤ ቡሽ የሚሉትም አሉ። በሌላው ጫፍ ደግሞ ልክ እንደ ሰው የዳሌ አጥንት፥ ኳስ የመሰለ ራስ በጕድጓድ ውስጥ ገብቶ ይዞራል፤ ቦል ጆይንት የሚባለው ይህ ነው። ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘል ክንዱ በቦኮላው ላይ ይታጠፋል፤ መሪውን ሲያዞሩም ጎማው በኳሱ ላይ ይዞራል።

ብዙዎቹ የቀድሞ መኪናዎች በያንዳንዱ የፊት ጎማ ላይ ሁለት ክንድ ነበራቸው፤ አንዱ ከላይ፥ አንዱ ከታች። ኧርል ማክፈርሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የላይኛውን ክንድ አስቀርቶ በምትኩ ሞላውንና አሞርዛቶሩን አንድ ላይ አቁሞ ተከለ፤ የፎርድ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1950 ኮንሰልና ዜፈር የተባሉትን መኪናዎች በዚሁ ዐይነት ሠርቶ አወጣ። ዛሬ በመንገዳችን ከምናያቸው ትንንሽ መኪናዎች አብዛኞቹ ይህንኑ የተከተሉ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው፥ ቦታም ያተርፋል፤ ዳሩ ግን የታችኛው ክንድ ብቻውን ቀርቷል። ኳሱ ከጕድጓዱ ወጥቶ የሔደ እንደ ሆነ ጎማውን ከሥር አጥብቆ የሚይዝ ሌላ ነገር የለም። ጎማው ወደ ውጭ ይገለበጣል፤ መሪው ይከዳል፤ መኪናው በአፍንጫው አስፋልቱን ያርሳል። ይህ በከተማ መካከል በዝግታ ሲሔዱ ቢደርስ ማፈሪያ ነው፤ ከውጫሌ ቁልቁለት ላይ ቢደርስ ግን ሌላ ነገር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና የገዛ ሰውም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም፤ ሞተሩ ቢለወጥም ክንዱ ያው ነው፤ ባትሪውም ክብደት ይጨምርበታል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ያረጀው የትኛው እንደ ሆነ ይለዩ። የቦኮላው ጎማ ሲሰነጠቅ መኪናው ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ወገን ይስባል፤ በቀጥታ መንገድም ይዋልላል፤ የጎማው አንድ ጠርዝ ከሌላው ቀድሞ ይበላል። ከሥር በባትሪ መብራት ቢያዩት ስንጥቁ በዐይን ይታያል። ኳሱን ለመመርመር ግን ጎማው ከመሬት መነሣት አለበት። መኪናውን በክሪክ አንሥተው፥ ከዚህ በታች እንደምንነግርዎ በብረት መቆሚያ ካሳረፉት በኋላ፥ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዝውዙት። የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ጓደኛዎ ከጐን ሆኖ በመብራት ወደ ኳሱ ይመልከት። ኳሱ በጕድጓዱ ውስጥ ሲላወስ ከታየ በሽታው ተገኘ፤ ኳሱ ጸጥ ብሎ ሳለ ጎማው ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ያረጀው ኩሽኔታው ሊሆን ይችላል። ግራና ቀኝ ይዘው ሲወዘውዙት የሚነቃነቅ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ከመሪው ጫፍ፥ ማለት ከቴስቲናው ይሆናል። ቦኮላው ብቻ ያረጀበት ሰው ደመወዝ እስኪደርስ በዝግታ እየነዳ ጥቂት ቀን ይታገሥ ይሆናል። ኳሱ የላላበት ሰው ግን መኪናውን በዚያው ሰዓት ያቁም፤ ወደ ደሴ ነድቼ ላሠራው ማለት እንኳ አይገባም።

ዕቃ መግዛቱ ላይ ብዙ አንቆይም። በአንዳንዱ መኪና ኳሱ ከክንዱ ጋራ አንድ ሆኖ ይመጣል፤ በሌላው ለብቻው በብሎን ይታሰራል። የሻንሲ ቍጥርዎን ጽፈው ይዘው ይሒዱ፤ «የኮሮላ ስጠኝ» ብሎ መግዛት አይበቃም፤ ኮሮላ ብዙ ነው። ግራና ቀኙም አንድ አይደለም። ያገለገለ ክንድ በርካሽ ቢያገኙ ብረቱ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ ጎማው ግን በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃልና አይመኑት። ብረቱ ያልተጣመመ እንደ ሆነ አዲስ ቦኮላ ብቻ ገዝቶ ቶርኖ ቤት በፕሬስ ማስገባት ደኅና ዘዴ ነው፤ በመዶሻ ደብድቦ ማስገባት ግን ቀለበቱን ያጣምመዋል። የላላ ኳስ በብየዳ አጠበቅሁልህ የሚልዎት ሰው ቢገጥምዎ አመስግነው ይለፉት። ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሸዋል፤ መቼ እንደሚሰበርም ማንም አይነግርዎትም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከዋዜማው ማታ በዛጉት ብሎኖች ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያድርጉና ይደሩ። በማግሥቱ መኪናውን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ያቁሙ፤ ዝናብ ያራሰው አፈር ክሪኩን ይውጠዋል፤ ተዳፋትማ ጨርሶ አይታሰብም። መኪናው ገና በአራቱ ጎማዎች ላይ ቆሞ ሳለ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ድረስ ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው በወረቀት ይጻፉ። ይህ ቍጥር ኋላ የሥራው ቁልፍ ስለሚሆን አይጣሉት። ከዚያ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ በኋላ ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ያድርጉ፤ የጎማውንም ብሎን በመጠኑ አላልተው መኪናውን ያንሡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም። መኪና በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ሳለ ከሥሩ የገባ ሰው ሕይወቱን ለአንዲት ትንሽ የጎማ ማጣበቂያ ወይም ለአንድ ጥርስ አደራ ሰጥቷል። በየግቢው እንደሚታየው ብሎኬት መደርደርም አይረባም፤ ውስጡ ባዶ ስለ ሆነ ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈረከሳል። ድንጋይ ላይ ድንጋይ መቈለልም እንደዚሁ ነው። ሁለት የብረት መቆሚያ ይግዙ ወይም ከጎሚስታ ይዋሱ፤ ሰሪው ባመለከተው በጠንካራው የመኪናው አካል ሥር ያቁሙት፤ ከዚያ ከመግባትዎ በፊት መኪናውን በሁለት እጅዎ ገፋ ገፋ አድርገው ይፈትኑት። የፈቱትንም ጎማ ከነቸርኬው ከመኪናው ሆድ ሥር አጋድመው ያስቀምጡ፤ ሁሉም ነገር ቢከዳ መኪናው የሚያርፈው በጎማው ላይ ይሆናል፥ በእርስዎ ላይ አይደለም። ብቻዎንም አይሥሩ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ኳሱን ከተሰካበት ማላቀቅ ነው። ዳዶው እንዳይዞር የሚጠብቀውን የሽቦ መቆለፊያ አውጥተው ዳዶውን ያላሉት፤ ነገር ግን ጨርሰው አያውጡት፤ ሁለት ሦስት ጥርስ ይቅርለት። የኳሱ እግር ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሔድ ስለ ሆነ በብረቱ ውስጥ ተነክሶ ይቀመጣል፤ ሲላቀቅም በድንገት ይፈናጠራል፤ ያቺ የቀረችው ዳዶ ያን ጊዜ ፊትዎን ታድናለች። ማላቀቂያ መሣሪያ ካለ በእሱ ይሥሩ። ከሌለም እግሩ የተሰካበትን ብረት ከጐኑ በከባድ መዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመቱት ይለቃል። የእግሩን ጥርስ ከጫፉ መምታት ግን ጥርሱን አበላሽቶ ሌላ ጣጣ ያመጣል። የፍሬኑንም ቱቦ እንዳይወጠር ይጠብቁት።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱን የአካል ብሎኖች መፍታት ነው። በአንዳንድ መኪናዎች ላይ ረጅሙ ብሎን ሲወጣ ከካምቢዮው ጋራ ይጋጫል፤ ሞተሩን ከፍ ካላደረጉ አይወጣም። ይህን ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት ጎንበስ ብለው ይዩት፤ እንዲያ ከሆነ ለጋራዥ ይተዉት። የወጣውን አሮጌ ክንድ ከአዲሱ ጐን መሬት ላይ አስተኝተው ያስተያዩ፤ ቀዳዳዎቹና ርዝመቱ አንድ ካልሆኑ በግድ ለማስገባት አይታገሉ። አዲሱን ሲያስገቡ ብሎኖቹን በእጅ ያስጀምሩ፤ የኳሱን ዳዶ በሰሪው ልክ አጥብቀው አዲስ የሽቦ መቆለፊያ ያድርጉበት። የአካሉን ብሎኖች ግን ገና አያጥብቁ፤ ያዝ ብቻ ያድርጓቸው።

ምክንያቱን ልብ ብለው ይስሙ፤ ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ይህን ነውና። በቦኮላው ውስጥ ያለው ጎማ ከውስጠኛውም ከውጭኛውም ብረት ጋራ ተጣብቆ የተሠራ ነው፤ አይሽከረከርም፥ ይጠመዘዛል እንጂ። ብሎኑ ሲጠብቅ የውስጠኛውን ብረት ከመኪናው አካል ጋራ አጣብቆ ያስቀረዋል። መኪናው ተንጠልጥሎ ክንዱ ወደ ታች ወርዶ ሳለ ካጠበቁት፥ ጎማው ያን የተንጠለጠለበትን ቦታ እንደ ማረፊያው ይቆጥረዋል፤ መኪናው መሬት ሲወርድ ክንዱ ወደ ላይ ይወጣና ጎማው ቆሞም ሳለ እንደ ተጠመዘዘ ይኖራል። በዚያ ላይ የመንገዱ ጕድጓድ ሲጨመር በአጭር ጊዜ ይተረተራል። «አምና የለወጥሁት ቦኮላ ዘንድሮም አለቀ፤ ዕቃው የውሸት ነው» ብሎ ባለሱቁን የሚራገም ሰው ብዙ ጊዜ ሊራገም የሚገባው ያጠባበቁን መንገድ ነው።

መድኀኒቱ ቀላል ነው። በጧት የጻፉትን ቍጥር ያውጡ። ክሪኩን ከክንዱ ጫፍ ሥር አድርገው፥ ከጎማው መካከል እስከ ፓራፋንጎው ያለው ርቀት ያው ቍጥር እስኪሆን ድረስ ቀስ ብለው ክንዱን ወደ ላይ ይግፉት፤ መኪናው ከመቆሚያው እንዳይነሣ ይጠንቀቁ። ቍጥሩ ሲገጥም ሁለቱን ብሎኖች ያን ጊዜ ያጥብቁ። ክብደቱ አልበቃ ብሎ መኪናው ሊነሣ ከፈለገ ይተዉት፤ ጎማውን አስረው መኪናውን ወደ መሬት ያውርዱ፤ ብሎኖቹ በእጅ የሚደረሱ እንደ ሆነ በአራቱም ጎማ ላይ ቆሞ ሳለ ያጥብቁ። የማጥበቂያው ልክ በሰሪው መጽሐፍ ተጽፏል፤ ቶርክ የሚሉትን ልክ ያለው መፍቻ ለአንድ ቀን ከሚያውቁት መካኒክ ይከራዩ። በጕልበት ግምት ማጥበቅ አንዱን ሰው ብሎን ያስበጥሰዋል፥ ሌላውን ላላ አድርጎ ያስቀረዋል።

አንዱ ወገን ካለቀ ሌላውም ሩቅ አይደለምና ቀኝና ግራውን በአንድነት መለወጥ ይሻላል። ለጀማሪ ሁለቱ ክንዶች የቅዳሜን ቀን በሙሉ ይፈጃሉ፤ ፀሐይ እያዘቀዘቀች በችኮላ ከመጨረስ ሁለተኛውን ለእሑድ ማሳደር ይበጃል።

በማግሥቱ በከተማው ውስጥ በዝግታ ነድተው ያዳምጡ፤ ፍሬንም ደጋግመው ይያዙ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ በልክ መፍቻው ዳግመኛ ይፈትኑ፤ የጎማውን ብሎን ጭምር። ክንድ የተለወጠበት መኪና የጎማው አቅጣጫ ትንሽም ቢሆን ይለወጣልና፥ ረጅም መንገድ ሳይሔዱ አላይመንት ወደሚሠራ ጋራዥ ወስደው ያስለኩት። ይህን መሣሪያ በግቢ ውስጥ አያገኙትም፤ በገመድና በዐይን ግምት ለማስተካከል መሞከርም አዲስ ጎማ ያስበላል። ለሠራተኛውም ሁለቱ ክንዶች አዲስ መሆናቸውን ይንገሩት፤ ልኩን ከመያዙ በፊት የመሪውን ጫፎች እንዲያይልዎ ይጠይቁ፤ እነሱ የላሉ ከሆነ ልኩ አይቆምም።