የፊልሙን ገንዘብ ማን ቆጠረው?

ልጅዎ ሐዋሳ ይማራል እንበል። ቅዳሜ ማታ ይደውላል። የጤናውና የፈተናው ወሬ ካለቀ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለፊልም ክበቡ መዋጮ አለብኝ፤ ትንሽ ብር ብትልኩልኝ» ይላል። እርስዎም በቴሌብር ይልካሉ። «ምን ፊልም ነው?» ብለው ይጠይቁት ይሆናል። «ገንዘቡን ማን ነው የሚይዘው?» ብለው ግን ጠይቀውት ያውቃሉ?

ሐዋሳ ውስጥ ባህል አዳራሽ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ሲዳማ ባህል አዳራሽ ይሄዳል። እንዲህ ባለ የሕዝብ አዳራሽ ዝግጅቱን የሚያቀርበው አካል ይታወቃል፤ ትኬት ከተሸጠም ለገቢው ተጠያቂ የሚሆን ሰው አለ። የግቢ ሲኒማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስሙ እንጂ አዳራሹ የለም። አንዳንዴ የተማሪዎች ዲኤስቲቪ ክፍል ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ፕሮጀክተር የሚተከልበት የመማሪያ አዳራሽ። አዘጋጆቹ ተማሪዎች፣ ተመልካቾቹም ተማሪዎች ናቸው። ሁሉም ጓደኛ ስለሆነ ደረሰኝ መጠየቅ ያሳፍራል።

ነጻ የሚመስለው ነጻ አይደለም

የግቢ ሲኒማ ወጪ አለው። የፕሮጀክተር አምፖል ይቃጠላል፣ ድምፅ ማጉያ ይበላሻል፣ ገመድ ይጠፋል። ገንዘቡ ከዩኒቨርሲቲው በጀት፣ ከአባላት መዋጮ ወይም በር ላይ ከሚሰበሰበው ሊመጣ ይችላል። በሦስቱም ውስጥ የእርስዎ ቤት እጅ አለበት። የወጪ መጋራት ሥርዓቱ ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን፣ ከትምህርቱ ወጪም የተወሰነውን ድርሻ ከተመረቀ በኋላ ከገቢው እየተቆረጠ እንዲመልስ ያደርጋል። ስለዚህ ልጅዎ በግቢው ውስጥ እንግዳ ሳይሆን ከፋይ ነው። ሒሳብ መጠየቁ ድፍረት አይሆንበትም።

በግቢ አዳራሽ ስለሚቀርበው ነገር መጠየቅም አዲስ አይደለም። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ስድስት ኪሎ በሚገኘው ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። ተማሪዎች ተቃወሙት፣ ፖሊስ ጣልቃ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ተቃውሞው ልክ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አለ። አንድ ነገር ግን ያስተምራል፦ በአዳራሹ ምን እንደሚታይ ማን እንደሚወስን አስቀድሞ በግልጽ ካልተስማሙበት ጥያቄው የሚነሣው በሩ ላይ፣ በጩኸት ነው።

የእኔ ደብተር

በተማሪነቴ ዘመን የአንድ ፊልም ክበብ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። የተመረጥኩት ጽሑፌ ስለሚያምር ነው። መዋጮውን በደብተር እየመዘገብኩ ብሩን ሎከሬ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ስፒከሩ ሲበላሽ በሰፈር ሠሪ አስጠገንኩት፤ ሰውየው ደረሰኝ አልነበረውም። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሒሳቡ ጎደለ ተባለ። አልሰረቅሁም። ግን አልሰረቅሁም ማለት እንጂ ማሳየት አልቻልኩም። ከቅርብ ጓደኛዬ ጋር ሰላምታ እስክንተው ድረስ አደረሰን።

ያኔ የገባኝን ዛሬ ለእርስዎ ልንገርዎ። ቁጥጥር የሚያስፈልገው ሌባ ለመያዝ ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው ሐቀኛውን ልጅ ነው። ነገ ገንዘብ ያዥ ተብሎ የሚመረጠው ደግሞ የእርስዎ ልጅ ሊሆን ይችላል።

እድራችን ያስተማረን

ተማሪዎች ሲኒማን በራሳቸው ማስተዳደር እንደሚችሉ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዶክ ፊልምስ የተባለው ክበብ ታሪኩን ከ1932 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይቆጥራል። ፊልሙን የሚመርጡት፣ ትኬቱን የሚሸጡት፣ ፕሮጀክተሩን የሚያንቀሳቅሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዘዴው በሰፈርዎ እድር ውስጥ አለ። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ ይለያያሉ፤ ብር የያዘ ሰው የራሱን ሒሳብ አይመረምርም።

ልጅዎ በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል እነዚህን ይምከሩት፦

• ብር የሚይዘውና ወጪ የሚፈቅደው ሰው አንድ አይሁን። ገንዘቡ በሁለት ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ እንጂ ሎከር ውስጥ አይደር።

• ለመዋጮም ሆነ ለግዢ ደረሰኝ ይኑር። ደረሰኝ የማይሰጥ ጥገና ሠሪ ካጋጠመ ሁለት አባላት በቃለ ጉባኤ ይፈርሙ።

• በየሴሚስተሩ ገቢና ወጪው በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ፊልም የሚመርጠው ኮሚቴ ስምም ከጎኑ ይጻፍ።

• የሚታየው ፊልም ባለቤት እንዳለው አይርሱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፊልም ሠሪውን መብት ይጠብቃል። በፍላሽ የመጣን ፊልም አሳይቶ በር ላይ ገንዘብ መሰብሰብ ክበቡን ሊያስጠይቅ ይችላል፤ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይሻላል።

ይህን ሲመክሩት ልጅዎን ከፊልም እያራቁት አይደለም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከመቶ ሰው ጋር አብሮ መሳቅ በስልክ የማይገኝ ደስታ ነው፤ ክበቡም ዕድሜ እንዲኖረው የሚያደርገው የጠራ ሒሳብ ነው።

ሐዋሳ ሊጠይቁት ሲሄዱ አሞራ ገደል ወርዳችሁ አሳ መብላታችሁ አይቀርም። እጃችሁን ታጥባችሁ ስትቀመጡ፣ ስለ ውጤቱ ከመጠየቅዎ በፊት፣ «የፊልም ክበባችሁ ሒሳብ ተለጠፈ?» ይበሉት። መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ግን ያስባል።