ምርመራዬን ማን ያንብብልኝ?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትራኮማ የሩቅ ወሬ አይደለም። እናቶቻችን ማተባቸው ላይ ወረንጦ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍት ብሌናቸውን ሲፈገፍጋቸው ይነቅሉበታል። የተነቀለው መልሶ ይበቅላል፤ ብሌኑም ዓመት በዓመት እየነጣ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ አጥርቶ የማያይ ሆኖ ተገኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉን ያመጣው የዓይን ሞራ ነው፤ 11.5 በመቶውን ደግሞ ትራኮማ የተወው ጠባሳ። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የታጠፈ ሽፋሽፍትም ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ እዚያው ጤና ጣቢያ ይስተካከላል። እንግዲህ የዓይን ሕክምና ዘመቻ መቼና የት እንደሚካሄድ የሚናገር ማስታወቂያ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ዓይኑ እየደከመ ላለ ሰው ነው።

ያ ማስታወቂያ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሥዕል ነው። ቀኑም ቦታውም ፎቶ ላይ ተጽፎ፣ ከጎኑ ነጭ ጋዋን የለበሰች ነርስ ተደርጋበት በቴሌግራም ይለቀቃል። የእኔ ስልክ እዚያ ሲደርስ «ፎቶ» ብሎ ያልፋል።

የእኔን ዓይን የወሰደው ትራኮማ አይደለም፤ በልጅነቴ የያዘኝ ኩፍኝ ነው። አባቴ እንደ ብዙ ያገራችን ሰው «ዓይኑን ላጣ ልጅ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው» ብሎ ቤተ ልሔም አስገባኝ። ቤተ ልሔም የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ምስክር ቤት ነው፤ በየአገሩ ድጓ የተማረ ሁሉ ሊያስመሰክር የሚመጣበት። የኔታ የሚያዩትንም የማናየውንም አንድ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚያስተምሩን። ለሚያዩት ድፋቱ፣ ሂደቱ፣ ቁርጡ፣ ርክርኩ ብራናው ላይ በምልክት ሰፍሯል። ለእኛ ያው ምልክት በየኔታ ድምፅ ውስጥ ነበር፤ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚቆረጥ እየሰማን እንይዘዋለን። ጾመ ድጓን የተቀበልሁት እንዲህ ነው፣ ከአፋቸው ወደ ጆሮዬ፣ በመካከላችን ሌላ ሰው ሳይገባ። መብራት በሌለበት ሌሊት ስናዜም የሚያየው ጓደኛዬ ከእኔ የሚበልጥበት ነገር አልነበረውም።

ኋላ ከተማ ወጥቼ ብሬይልም ኮምፒውተርም ተማርሁ። ዛሬ እንጀራዬ ድረ ገጾችንና የስልክ መተግበሪያዎችን እየፈተሹ «ይህ ይነበባል፣ ይህ አይነበብም» ማለት ነው። የምሠራበት መሣሪያ ስክሪን ሪደር ይባላል፤ ማያ ገጹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። በስልክ ላይ ቶክባክ አለ፣ በኮምፒውተር ላይ ደግሞ ኤንቪዲኤ። ኤንቪዲኤን በአውሮፓ አቆጣጠር 2006 መሥራት የጀመሩት ማይክል ከረንና ጄምስ ቴ የሚባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ናቸው፤ ሁለቱም ዓይነ ስውራን። በነፃ ነው የሚሰጡት፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው የንግግር ፕሮግራም አማርኛም ይናገራል። ድምፁ ደረቅ ነው፣ ማጥበቅና ማላላት አያውቅም፤ ግን ይሰማል፣ ለመደነዋልም። ማይክሮሶፍት ያወጣቸው «መቅደስ» እና «አመሃ» የተባሉት የአማርኛ ድምፆች ደግሞ ለጆሮ እጅግ የቀለሉ ናቸው፤ ኢንተርኔት ሲኖር ነው እንጂ።

አማርኛን የሚያነብ ማሽን ካለ ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ገጹ ላይ ነው።

አንድ የጤና ተቋም በድረ ገጹ ቀጠሮ ማስያዝ ጀመረ ሲባል ደስ ብሎኝ ገባሁ። የመጀመሪያው ሳጥን ላይ ስደርስ ማሽኔ «ኤዲት፣ ባዶ» አለኝ። ወደ ሚቀጥለው ሄድሁ፤ «ኤዲት፣ ባዶ»። ሦስተኛውም እንዲሁ። የትኛው ስሜን፣ የትኛው ስልኬን፣ የትኛው የካርድ ቁጥሬን እንደሚጠይቅ የሚነግረኝ የለም። ለሚያየው ሰው ከየሳጥኑ በላይ ተጽፏል፤ ጽሑፉና ሳጥኑ ግን በኮዱ ውስጥ ስላልታሰሩ ለእኔ የተለያዩ ናቸው። ቀን መምረጫው በማውስ ብቻ የሚሠራ ነበር፤ በኪቦርድ ብነካው ዝም። የተሳሳተው ሳጥን ዙሪያው ይቀላል፤ ቅላቱ ድምፅ የለውም፣ ቀይና አረንጓዴ ለማይለይ ሰውም ምንም አይነግረውም። በመጨረሻ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ሆኖ ተገኘ። ማሽኔ «ግራፊክ» ብሎ አለፈው።

የጎረቤቴን ልጅ ጠርቼ አስሞላሁት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያመኝ። ቅጹ «የመጡበት ምክንያት» ይላልና ምን እንዳመመኝ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መንገር ነበረብኝ። ከዚያ በፊት የምርመራ ወረቀቴን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ተሰልፎ በቆመ ሰው መካከል ጮክ ብሎ አንብቦልኛል፤ ሰውየው ለመርዳት ብሎ ነበር። የኤችአይቪ ውጤት የያዘች ዓይነ ስውር ሴት፣ እርግዝናዋን ገና ለቤተሰቧ ያልነገረች ልጅ፣ ወረቀቱን ማን ያንብብላት? ሐኪም የበሽተኛውን ምስጢር ሊጠብቅ ቃል ገብቷል። የጎረቤት ልጅ አልገባም። ስለ ተደራሽነት በተነሣ ቁጥር ሰዎች «እናንተን ለማገዝ» ይሉኛል፣ መልካም አሳብ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ግን የገዛ ሕመሜን ከሁሉ ሰው በፊት እኔው እንድሰማው ነው። የኔታ ጋር የነበረው ዓይነት፤ መካከላችን ሰው ሳይገባ።

ሌላው እሾህ የተቃኘ ሰነድ ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን ደብዳቤው ታትሞ፣ ተፈርሞ፣ ክብ ማኅተም ካላረፈበት ሰነድ አይመስላቸውም። ስለዚህ በኮምፒውተር የተጻፈውን መመሪያ ያትሙታል፣ ያስፈርሙታል፣ መልሰው በስካነር ያነሡትና ፒዲኤፍ አድርገው ይጭኑታል። ይህን ጊዜ ጽሑፉ ፎቶ ሆነ ማለት ነው። የክትባት መርሐ ግብር ይሁን የመድኃኒት ማስጠንቀቂያ ለእኔ ባዶ ገጽ ነው። ማኅተሙ ያለበትን ቅጂ አስቀምጠው ዋናውን ጽሑፍ ከጎኑ ቢለጥፉት ማንም አይጎዳም። ከድሮዎቹ ፋይሎች መካከል ደግሞ የባሰም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ይጻፍ ነበር፤ እነዚህ የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው መልካቸውን ብቻ የሚቀይሩ ናቸው። ለዓይን ያማረ አማርኛ ነው፣ ማሽኔ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ያዥጎደጉድብኛል።

በነገሩ ላይ ሕግ አለን። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ ተደራሽነትን ሲደነግግ ከሕንፃና ከመንገድ ጋር ኢንተርኔትን በስሙ ይጠራል። 25ኛው አንቀጽ ደግሞ ስለ ጤና ነው። ድረ ገጽ ሠሪዎች የሚመሩበት ዓለም አቀፍ መመሪያም አለ፤ መጀመሪያ የወጣው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ እየታደሰ መጥቶ 2.2 የተባለው እትሙ በእኛ መስከረም 2016 ይፋ ሆኗል። በውስጡ ያለው አብዛኛው ነገር ብር አይጠይቅም። ለሥዕሉ አጭር መግለጫ ጻፍ፤ ሳጥኑን ከስሙ ጋር እሰር፤ ርእሱን በማደማመቅ ብቻ ሳይሆን በኮዱም ርእስ መሆኑን ተናገር፤ ሁሉም ነገር በኪቦርድ ይሠራ፤ የጽሑፉና የመደቡ የቀለም ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን። ገጹ የተጻፈው በአማርኛ መሆኑንም ከኮዱ ራስ ላይ በሁለት ፊደል ማመልከት ያስፈልጋል። ብዙ የአማርኛ ገጾች እንግሊዝኛ ነን ብለው ተመዝግበዋል፤ በዚህ የተነሣ የእንግሊዝኛው ድምፅ አማርኛውን ሊያነብ ይሞክርና ወይ ይዘለዋል ወይ የኮድ ቁጥር ይቆጥርልኛል።

ዓይነ ስውር ስለሆንሁ ስለ ዓይነ ስውራን አበዛሁ፤ ጉዳዩ የእኛ ብቻ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር 8335 የሚለው ነፃ የስልክ መስመር ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር፤ ደውዬ እንደ ማንኛውም ሰው ጠይቄ መልስ አገኛለሁ። ያው መስመር መስማት ለተሳነው ወዳጄ ምንም አልነበረም። በአንጻሩ በእኔ ስልክ «ፎቶ» እየተባለ የሚታለፈውን የዕለቱን የታማሚዎች ቁጥር እሱ በደንብ ያነበው ነበር። ከልደቱ ጀምሮ የማይሰማ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ቋንቋው የምልክት ቋንቋ ነው፤ በከባድ አማርኛ የታጨቀ የጤና ጽሑፍ ለእሱ የባዕድ ቋንቋ ያህል ይከብደዋል። ለእሱ የሚያስፈልገው በምልክት ቋንቋ የሚያስረዳ ቪዲዮና አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥበት አዛውንት ትልቅ ቁልፍና በቂ ጊዜ ይፈልጋል፤ በስልክ የተላከውን የማረጋገጫ ቁጥር ለቅሞ እስኪያስገባ «ጊዜዎ አልቋል» የሚል ገጽ ሳይታከም ይመልሰዋል።

ጋይንት ላይ ስሆን አንድ ሌላ ነገር አስተውላለሁ። ኔትወርኩ ገደሉ አፋፍ ላይ ይገኛል፣ ቆላ ሲወርዱ ይጠፋል። ሥዕልና ቪዲዮ የተጫነበት ገጽ እዚያ አይከፈትም፤ ጽሑፍ ብቻ ያለው ግን በደካማ መስመርም ይደርሳል፣ ካርድም አይበላም። ለእኔ ተብሎ የተጻፈው ጽሑፍ ቤት ለቤት የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ይጠቅማታል፤ ለእናቴ ጮክ ብላ ልታነብላት ትችላለች።

ከውጭ አገር አንድ ነገር መውሰድ ቢፈቀድልኝ የእንግሊዞቹን እወስዳለሁ። ከ2016 ጀምሮ፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ የመንግሥት የጤና አገልግሎታቸው በሽተኛው መረጃ በምን መልክ ማግኘት እንደሚፈልግ የመጠየቅና በመዝገቡ ላይ በጉልህ የማስፈር ግዴታ አለበት፤ በትልልቅ ፊደል፣ በብሬይል፣ በድምፅ፣ በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ። የእኛ ካርድ ክፍል ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ይጠይቃል። «መረጃ በምን መልክ እንስጥዎ?» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመርበት ድረ ገጹም፣ የስልክ መልእክቱም፣ ሐኪሙም በዚያው ይመራሉ።

ድረ ገጽ የምትሠሩ ወጣቶች ስንት ገንዘብ እንደሚጠይቅ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የአንድሮይድ ስልካችሁ ማስተካከያ ውስጥ ግቡና ቶክባክን አብሩ፤ ማያ ገጹን በጨርቅ ሸፍኑና የራሳችሁን ገጽ ተጠቅማችሁ ቀጠሮ ያዙ። ከዚያ በኋላ ዓይነ ስውር፣ መስማት የተሳነው፣ እጁን የማይጠቀም ሰው ጥሩና ገጻችሁን አስፈትኑት፤ እንደ ባለሙያ ክፈሉት። ገጹ ከመለቀቁ በፊት ቢሆን ይሻላል፣ ከተለቀቀ በኋላ ማፍረስ ነውና።

ያን የቀጠሮ ገጽ የሠራውን ልጅ አግኝቼው ነበር። አጠገቤ ተቀምጦ ማሽኔ «ኤዲት፣ ባዶ» ሲል ሰማ፤ ላፕቶፑን አውጥቶ እዚያው ሳጥኖቹን ከስሞቻቸው ጋር አሰራቸው፣ «ላክ»ንም ጽሑፍ አደረገው። አሁን ስሜን የምሞላበትን አውቃለሁ። ቀን መምረጫው ገና ነው። የተቃኙት መመሪያዎችም እንዳሉ ናቸው፤ የጽሑፍ ቅጂያቸውን ለመጫን የኃላፊ ፈቃድ ያስፈልጋል ተብሏል፣ ጥያቄውን በጽሑፍ አስገብቻለሁ።