አረጋውያንን በሚያስታምሙ ሠራተኞች ዘንድ የሥራ ግንኙነትና የአእምሮ ጤና

በአገናና በአካባቢዋ አረጋውያን በአብዛኛው የሚጦሩት በቤታቸው ነው። ልጆች ለንግድ አዲስ አበባ ሲቀመጡ፣ አልጋ የያዙ ወላጆችን የማስታመሙ ሥራ በምራት፣ በዘመድ ወይም በተቀጠረች ሠራተኛ ላይ ይወድቃል። አስታማሚዋ ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ «ተጨነቅሁ» አትልም። ራሷን እንደሚወቅራት፣ ወገቧን እንደሚያማት፣ እንቅልፍ እንዳጣች ትናገራለች፤ እኛም ማስታገሻ አዝዘን እንሸኛታለን። ከማን ጋር እንደምትሠራ ግን አንጠይቃትም።

በሽተኛን ማንሣትና ማጠብ አድካሚ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ በእኔ እምነት ይበልጥ የሚጎዳት በሥራው ዙሪያ ያለው ግንኙነት ነው። አዛውንቱ ገላቸውን እንዳትነካ ይከለክሏታል፤ ልጃቸው በስልክ «በየቀኑ ይታጠቡ» ይላል፤ የቤቱ እመቤት ደግሞ ለእንሰት ፍቅፋቂ ትጠራታለች። ለመስቀል የተሰበሰቡ ልጆች በአባታቸው ዳሌ ላይ የመኝታ ቁስል ካገኙ ወቀሳው በእርሷ ላይ ያርፋል። ቁስሉን ያመጣው ግን ሌሊት በሽተኛውን የሚያገላብጥ ተተኪ አለመኖሩ ሊሆን ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ ስላደረገው፣ የዕረፍት ሰዓቷ በአብዛኛው በአሠሪዋ በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው፣ የሥራ ዝለትን በአግባቡ ያልተያዘ ሥር የሰደደ የሥራ ጫና ውጤት ይለዋል። መለያዎቹም የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም የውጤታማነት ማነስ ናቸው። ምደባው ዝለትን በሽታ አላለውም፤ ስለዚህ ድባቴን «ድካም ነው» ብሎ ማለፍ ስሕተት ይሆናል።

ለምርመራው መነሻ የሚሆን መሣሪያ በቅርባችን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ በቡታጅራ አካባቢ በተደረጉ ጥናቶች አገልግሏል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ማልቀስ፣ ሕይወትን ስለ ማጥፋት ሐሳብም ይጠይቃል። ስለ ሥራ ግንኙነት ግን ዝም ይላል። እኔ የምጨምራቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ የሚያዝሽ ማን ነው? ሲደክምሽ ማን ይተካሻል? የሚሰድብሽ ወይም የሚያስፈራራሽ አለ? አሠሪዋ አብራት ከመጣች በትሕትና ውጭ እንድትጠብቅ ማድረግ የግድ ነው፤ በአሠሪዋ ፊት የሚሰጥ መልስ ዋጋ የለውም።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ፣ ዕቅዷንና በቤት ውስጥ ፀረ ተባይ መኖሩን ሳይጠይቁ መሸኘት አይገባም፤ ብቻዋን ሳትተው የአእምሮ ሕክምና ወደሚገኝበት ተቋም ትላክ። የድባቴ ምልክቶች ከተሟሉ ሕክምናው ይጀመር። ካልተሟሉ ደግሞ መድኃኒት ጠብን አያበርድምና፣ ፈቃዷን ጠይቀን ቤተሰቡን ማነጋገር ይኖርብናል። ለዚህ አመቺው ጊዜ አዛውንቱን ለማከም የተጠራንበት ቀን ነው። ቁስሉን እያሳየን «ሌሊት የሚያገላብጣቸው ሁለተኛ ሰው ማን ይሁን?» ብለን ብንጠይቅ፣ ጥያቄው ከእርሷ አቤቱታ ሳይሆን ከሐኪም ትእዛዝ ይቆጠራል።