የአቦምሳ ውሃ ዋጋ የሚወሰንበት ጠረጴዛ

የመርቲ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአቦምሳ አንድ ደንበኛ የወሩ የውሃ ሂሳብ በዝቶበት የክፍያ መስኮት ላይ ቢከራከርና ገንዘብ ተቀባይዋ «ታሪፉን እኛ አላወጣነውም» ብትለው፣ ውሸት አይሆንባትም። በኦሮሚያ ከተሞች የውሃ ታሪፍ የሚመከርበት ቦታ የውሃ አገልግሎት ድርጅቱ ቦርድ ነው። ቦርዱ በከተማው ሕዝብ ስም ይሰበሰባል፣ በሕዝቡ ስም ይወስናል። የአባላቱን ስም ግን ከደንበኞቹ ስንቱ ያውቃል?

ይህን ቦርድ ያቋቋመው የክልሉ አዋጅ ቁጥር 78/1996 ነው። አዋጁ የከተማ ውሃን የራሱ ሂሳብ ላለውና በራሱ ገቢ ለሚተዳደር ድርጅት ሰጠ። ከጀርባው የ1991 ዓ.ም. የፌዴራል የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ አለ፤ ገጠሩ ቢያንስ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪውን እንዲችል፣ ከተማው ግን ሙሉ ወጪውን ከተጠቃሚው እንዲመልስ የሚል ፖሊሲ ነው። ወጪውን ሕዝብ ከቻለው በወጪው ላይ የሚናገርበት ወንበር ሊኖረው ይገባል፤ ቦርዱ የተፈጠረው በዚህ ሐሳብ ነው። በተለምዶ የከተማው አስተዳደር ይሰበስባል፣ የሴክተር ጽሕፈት ቤቶች ይወከላሉ፣ የሴቶች፣ የወጣቶችና የደንበኞች ተወካዮች ይጨመራሉ፣ ሥራ አስኪያጁም ጸሐፊ ሆኖ ቃለ ጉባኤ ይይዛል።

አደረጃጀቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ሰብሳቢው ሹም ነው። ብዙዎቹ አባላት ለዚያው ሹም ሪፖርት የሚያቀርቡ ኃላፊዎች ናቸው። ጸሐፊው ደግሞ ቦርዱ ሥራውን ሊገመግምለት የሚገባው ሰው ነው። ለደንበኛው የሚተርፈው አንድ ሁለት ወንበር ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሚሞላው በደንበኞች ጉባኤ ሳይሆን «እገሌ ጥሩ ሰው ነው» በሚል ጥቆማ ነው። ጥሩ ሰው መሆኑን አልጠራጠርም። ጥሩ ሰውና ተወካይ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ተወካይ የሚባለው የላከው ሰው ሊጠይቀውና ሊያወርደው ሲችል ነው።

ልዩነቱ ታሪፉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የከተማ ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው፤ ትንሽ የተጠቀመ በርካሽ፣ ብዙ የተጠቀመ በውድ ይከፍላል። በወረቀት ላይ ድሃውን የሚጠብቅ አሠራር ነው። በአንድ ግቢ አምስት ተከራይ ቤተሰብ አንድ ቆጣሪ ሲጋራ ግን የአምስቱ ፍጆታ ተደምሮ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል፤ የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው በዝቅተኛው ዋጋ የሚከፍሉ ሰዎች የሀብታም ዋጋ ይጠየቃሉ። ከቦኖ ወይም ከጎረቤት በጀሪካን የሚገዛው ደግሞ ለተመሳሳይ ውሃ ባለ ቆጣሪው ከሚከፍለው በላይ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ በተከራይ ግቢ መኖር ይበቃል። ከቦርዱ ጠረጴዛ የሚጎድለውም ይህን ኑሮ የኖረ ሰው ነው።

በሌላ በኩል ቦርዱ ታሪፍ ለመጨመር ይፈራል። ሰብሳቢው የፖለቲካ ሰው ስለሆነ የውሃ ዋጋ ሲነሳ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ ማስተላለፍ ይቀለዋል። ፓምፑ ግን ቀጠሮ አያውቅም። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል፣ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። ታሪፉ ባለበት ሲቆይ ጥገናው ይዘገያል፣ ፈረቃው ይረዝማል፣ ሕዝቡም ሳይነገረው በጀሪካን ሻጭ በኩል ጭማሪውን ይከፍላል። ሕዝብ የሚያምነው ቦርድ «ይህን ያህል እንጨምራለን፣ ምክንያቱ ይኸውላችሁ፣ ሂሳቡም ይኸው» ለማለት አቅም አለው። የማይታወቅ ቦርድ ይህን ሊል አይችልም።

በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ከዋጋ የከበደ ጥያቄ አለ። በሸለቆው ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም መጠን ይበልጣል። ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመረው በወንጂ የስኳር ፋብሪካ፣ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ጥርሳቸው በልዞ፣ አንዳንዶቹም አጥንታቸው ተጎድቶ ቀርቷል። ይህ በሕክምና ጥናቶች በሰፊው የተመዘገበ ጉዳት ነው። አዳማ ራሷ በ1990ዎቹ ፊቷን ወደ ተጣራ የአዋሽ ውሃ ያዞረችው ያለ ምክንያት አይደለም። የትኛው ጉድጓድ ይቆፈር፣ የትኛው ይዘጋ፣ የላቦራቶሪ ውጤቱስ ለማን ይነገር የሚሉት ጥያቄዎች የቦርድ ጥያቄዎች ናቸው። የውሃውን ምርመራ ውጤት በየጊዜው እንዲለጠፍ የሚያዝ ቦርድ ያላት ከተማ ካለች ምስጋና ይገባታል።

በውሃ ቦርዱ የሚታየው ዓይነት ግማሽ ውክልና ዛሬ አልተጀመረም። የ1937ቱ የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ለከተሞች ምክር ቤት ሲፈቅድ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተወካዮች ጎን ያስቀመጠው ንብረት ያላቸውን ነዋሪዎች ነበር። ተከራይ ቦታ አልነበረውም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ ነገሩ ተገለበጠ፤ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ተከራዩን የቀበሌ ማኅበር አባል አደረገው። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ኪራዩን ቀበሌው ይሰበስብ፣ ጎጆውን ይጠግን፣ የራሱን ፍርድ ሸንጎ ያቋቁም ተባለ። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ተራው የከተማ ሰው እጁ ውስጥ ገንዘብና ሥልጣን ገብቶለት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ያው ቀበሌ የአብዮት ጥበቃ መሣሪያ፣ የአሰሳና የእስር ቦታ ሆነ። ዛሬም በዕድሜ የገፉ ሰዎች «ኮሚቴ ውስጥ ግባ» ሲባሉ የሚያመነቱበት ምክንያት ከዚያ ዘመን የተረፈ ይመስለኛል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛዎቹ የመንግሥት እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ኦሮሚያም በአዋጅ ቁጥር 65/1995 ከተሞቿን በደረጃ መድባ ምክር ቤት፣ ከንቲባና ሥራ አስኪያጅ እንዲኖራቸው አደረገች። ሆኖም ምክር ቤትን ሕያው የሚያደርገው ምርጫ ነው። የአካባቢ ምርጫ በ2000 ዓ.ም. ተካሂዶ የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ 300 አባላት እንዲይዙ ሲደረግ፣ ወንበሮቹ ሁሉ ማለት ይቻላል በወቅቱ ገዢ በነበረው ግንባርና በአጋሮቹ ተያዙ። የቀጣዩ ምርጫ ጊዜ 2005 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በ2010 ሊካሄድ የሚገባው ተራዝሞ ቀረ፣ የ2013ቱ አጠቃላይ ምርጫም የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን አልነካም። በዚህ ላይ ቦርዶቹን የሚሾመውና የሚቆጣጠረው ያው የከተማ አስተዳደር ነው፤ ጉድለቱ አንዱ ከሌላው ይወራረሳል።

ሰው ካልተጠየቀ ምን እንደሚከተል ኦሮሚያ በከባዱ አይታዋለች። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ከሕዝብ ጋር ምክክር እንዲደረግ ይላል። የአዲስ አበባና የዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ግን ለብዙዎቹ ገበሬዎች የደረሳቸው በወሬ ነበር። በ2006 ተቃውሞ ተነሳ፣ በኅዳር 2008 ከጊንጪ ተነስቶ ክልሉን አዳረሰ፣ የብዙ ሰዎች ሕይወትም ጠፋ። በጥር 2008 በወቅቱ የክልሉ ገዢ ፓርቲ የነበረው ኦሕዴድ ፕላኑ መሰረዙን አስታወቀ። ስብሰባ ጠርቶ እውነተኛ መልስ መስማት ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ርካሽ ነበር!

ቦርድ ሲነሳ አንዳንዶች ሕዝቡ የመተዳደር ልምድ የለውም ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ዕድር አያውቅም። በአቦምሳም በአዳማም ያለ ዕድር ዳኛውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ራሱ ይመርጣል፤ ድንኳኑና ብረት ድስቱ ይቆጠራሉ፣ ሂሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል፣ ያጎደለ ይቀጣል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ኮብልስቶን በየመንደሩ ሲነጠፍም ነዋሪዎች ኮሚቴ መርጠው፣ መዋጮ ሰብስበው፣ ድንጋዩ ሲደረደር ቆመው የተቆጣጠሩባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው። ልምዱ ሞልቷል። እዚያ ሰዎች የሚተጉት ገንዘቡ የራሳቸው ስለሆነና ሰብሳቢውን ማውረድ ስለሚችሉ ነው። የውሃ ድርጅቱም ገንዘብ የደንበኛው ነው፤ የጎደለው ሁለተኛው ነው።

የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ በ1989 እ.ኤ.አ. የከተማዋን የኢንቨስትመንት በጀት ከፊል ለሰፈር ጉባኤዎች ስታቀርብ ዝናዋ በዓለም የተሰማው ነዋሪዎቹ ስለተሰበሰቡ ብቻ አይደለም፤ የወሰኑት መንገድና የፍሳሽ መስመር በዓይን ስለታየ ነው። እኛም አገር በዓለም ባንክ የተደገፈው የከተሞች መርሐ ግብር በ2000 ዓ.ም. በ19 ከተሞች ጀምሮ በ2010 ወደ 117 ሲሰፋ፣ ነዋሪ የልማት ቅደም ተከተል እንዲያወጣ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ከውጭ ገንዘብ ጋር የመጣ ምክክር ገንዘቡ ሲያልቅ እንዳይሄድ በክልል ሕግ መታሰር አለበት።

የኦሮሚያ ክልል የውሃ ቦርዶችን አደረጃጀት እንደገና ቢመለከት ደግ ነው። የደንበኛ ተወካዮች ቢያንስ ግማሹን ወንበር ይያዙ፣ ከመካከላቸው ተከራይና የቦኖ ተጠቃሚ አይጥፋ፣ በደንበኞች ጉባኤ ይመረጡ፣ የአገልግሎት ዘመናቸውም ይወሰን። ሰብሳቢው ከንቲባ መሆኑ ይቅር። እስከዚያው ግን የአቦምሳ ሰውም፣ የወለንጪቲ፣ የሞጆና የመተሐራ ሰውም ሕግ ሳይጠብቅ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። በሚቀጥለው ወር ሂሳብ ልትከፍሉ ስትሄዱ የቦርዱ አባላት ስም፣ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤና የውሃው የላቦራቶሪ ውጤት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ በጽሑፍ ጠይቁ። ማመልከቻውን ተፈራርማችሁ አስገቡ፤ የገቢ ቁጥሩንም ያዙ።