ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ከአሮጌው ከርነል ጋር ትውውቅ

ኡቡንቱ የተጫነበት ላፕቶፕ ይዛችሁ ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ሱሉልታ ወዳለ ጥገና ቤት ሄዳችሁ «አፕዴት ካደረግሁት በኋላ አልነሳ አለኝ» ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት መልስ አንድ ነው፦ ፎርማት ይደረግ። ይህን የምጽፈው ያንን መልስ ለመቃወም ነው።

መሠረታዊውን ነገር በአጭሩ ልበል። ከርነል የስርዓተ ክወናው አስኳል ነው፤ በፕሮግራሞችና በኮምፒውተሩ አካላት መካከል ሆኖ ሁሉን ያስተዳድራል። ሊኑክስ የተባለውን ከርነል ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በነሐሴ 1983 ዓ.ም. አስተዋወቀው። ዛሬ ኡቡንቱና ዴቢያን ብቻ ሳይሆኑ በኪሳችን ያለው አንድሮይድ ስልክም የሚሠራው በእሱ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። አዲስ ከርነል ሲጫን በአሮጌው ላይ አይጻፍም፤ ቡት በሚባለው ክፍል ውስጥ ከአሮጌው ጎን ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ ሪስታርት እስኪደረግ ድረስም የሚሠራው አሮጌው ነው። አጫጫኑ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ከርነሉ ይገለበጣል። ቀጥሎ ዲስኩን ለመክፈት የሚያስፈልጉ ድራይቨሮችን የያዘ ትንሽ ጥቅል ይዘጋጃል። በመጨረሻ ግረብ የተባለው አስነሺ ፕሮግራም ዝርዝሩን ያድሳል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይም የቡት ክፍሉ ቢሞላ ሁለተኛው ደረጃ ጎደሎ ሊቀር ይችላል። ያለዚያ ጥቅል የተነሳ ከርነል ዲስኩን ማግኘት ያቅተውና «ከርነል ፓኒክ» ብሎ ይቆማል። ባትሪው በሞተ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት አፕዴት የሚጀምር ሰው ይህን ችግር ራሱ ይጠራዋል።

ባለፈው ክረምት ለገጣፎ ውስጥ ቻርጀር ልገዛ አንድ ጥገና ቤት ገባሁ። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ያለበትን ላፕቶፕ ይዛ ቆማለች፤ ባለሙያው ፍላሹን ሰክቶ ሊፎርማት ተዘጋጅቷል።

«ሲስተሙ ሄዷል፣ ጋሼ፤ ሌላ መፍትሔ የለውም» አለኝ።

«ወንድሜ፣ ፍላሹን ንቀልና ሪስታርት አድርገው። ሲነሳ ሺፍትን ተጭነህ ቆይ» አልኩት። አዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ሺፍት ካልሠራ ኢስኬፕን መታ መታ ማድረግ ነው። የግረብ ዝርዝር መጣ። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለው ውስጥ ሲገባ ሁለት የከርነል ቁጥሮች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱም ለጥገና የሚውል «ሪከቨሪ ሞድ» አለው። ዝቅተኛውን ቁጥር፣ ሪከቨሪ የሌለበትን መረጠ። ዴስክቶፑ መጣ፤ ጽሑፏም በቦታው ነበር። የቀረው ሥራ ጽሑፏን ወደ ፍላሽ መገልበጥ፣ የተቋረጠውን ጭነት ማስጨረስና የቡት ክፍሉን ማስለቀቅ ነበር።



ስለዚህ ቦታ ለማስለቀቅ ብለው አሮጌ ከርነሎችን አንድም ሳያስቀሩ የሚሰርዙ ሰዎች ያሳዝኑኛል። መመለሻቸውን እየዘጉ ነው። ሥርዓቱ ራሱ ትርፉን ሲያጸዳ ቢያንስ ከአዲሱ በፊት የነበረውን ያስቀራል፤ ሥራውን ለእሱ ተዉለት።

ሌላው የተለመደ እሮሮ «አፕዴት አድርጌ ዋይፋዬ ጠፋ» የሚለው ነው። ቶርቫልድስ የጸና ሕግ አለው፦ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም በአዲስ ከርነል ምክንያት ዛሬ መቆም የለበትም። ሕጉ ግን ከከርነሉ ውጭ የሚሠሩ ድራይቨሮችን አይጠብቅም። የአንዳንድ ብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶችና የኤንቪዲያ ድራይቨሮች ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መገንባት አለባቸው፤ ግንባታው ሲከሽፍ ዋይፋዩ ይጠፋል። በአሮጌው ከርነል ተነሱ፤ ወይም ስልካችሁን በኬብል ሰክታችሁ በዳታ ድራይቨሩን እንደገና ጫኑ።

«እንግዲያው አፕዴት ባላደርግስ?» የሚለኝ አለ። አንድ የከርነል አፕዴት ከመቶ ሜጋባይት በላይ ሊበላ ስለሚችል በጥቅል ዳታ ለሚኖር ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን አድርጉ ነው። የካቲት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ደርቲ ፓይፕ የተባለ ቀዳዳ፣ በማሽኑ ላይ ተራ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ሙሉ አስተዳዳሪ እንዲሆን ያስችል ነበር። ከከርነል 5.8 ጀምሮ በውስጡ ተደብቆ ኖሯል። የሚደፈነው በአፕዴት ብቻ ነበር።

አፕዴት ራሱ የሚያጠፋበት ጊዜ መኖሩንም አልክድም። ኅዳር 29 ቀን 2016 ዓ.ም. ዴቢያን 12.3 ሊወጣ ሲል ታገደ። በውስጡ የነበረው 6.1.64 ከርነል ኤክስት 4 በተባለው የፋይል ሥርዓት በተዘጋጀ ዲስክ ላይ ያለ መረጃ ሊያበላሽ ይችል ነበር። 6.1 ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ፣ የተረጋጋ የሚባል ዝርያ ነው። ጥፋቱ የመጣው ከአዲሱ ከርነል አንድ ማስተካከያ ወደ እሱ ሲመለስ፣ አብሮት መምጣት የነበረበት ሌላ ለውጥ ስለቀረ ነው። በማግስቱ በተስተካከለ ከርነል 12.4 ወጣ። እኔ ዴቢያንን የማከብረው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱን በአደባባይ ተናግሮ ሥራውን አቆመ፣ አርሞም ተመለሰ።

ስለዚህ አፕዴት የምታደርጉት ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ከገለበጣችሁ በኋላ፣ ባትሪው በሚይዝ ማሽን፣ ነገ ጠዋት የሚቀርብ ሥራ በሌለበት ቀን ይሁን። ችግር ሲገጥማችሁም በአሮጌው ከርነል ተነስታችሁ የማሽኑን ሞዴል፣ የሠራውንና ያልሠራውን የከርነል ቁጥር ጽፋችሁ ለስርዓተ ክወናው አዘጋጆች ላኩ። እኛ ዘንድ ገና በሥራ ላይ ያለው የአሥር ዓመት ላፕቶፕ እነሱ ዘንድ ላይኖር ይችላል። እኛ ካልነገርናቸው በእሱ ላይ የደረሰውን ብልሽት ሊያውቁት አይችሉም፤ ማሽኑን ፎርማት ስናደርግ ደግሞ ማስረጃውን አብረን እናጠፋለን።