የአባያና የጫሞ ሐይቆች በውስጣቸው ያለውን ስለ ምን አያሳዩንም?



ከእኛ እጅግ ርቆ በሚገኘው በካሪብያን ባሕር ውስጥ ቦኔር የምትባል አንዲት ደሴት አለች። ወደዚያች ደሴት የሚጓዘው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ሕንጻ ወይም ገበያ ለማየት አይደለም። ፊቱን በመስተዋት መነጽር ሸፍኖ፣ በአፉ አጭር ቱቦ ነክሶ፣ በውሃው ላይ በደረቱ ተንሳፎ፣ ከበታቹ ያለውን የባሕር ፍጥረት ለመመልከት ነው። ድንጋይ መስሎ የሚታየው ነገር ግን ሕይወት ያለው መርጃን፣ በመርጃኑ መካከል የሚመላለሰው ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ዓሣ፣ የባሕር ኤሊም ጭምር በፀሐይ ብርሃን ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። በደሴቲቱ ዙሪያ ያለው ውሃም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1979 ጀምሮ እስከ 60 ሜትር ጥልቀት ድረስ በሕግ የተጠበቀ የባሕር ፓርክ ሆኗል።

ከአንባቢዎቼ መካከል «ይህ ለእኛ ምን ይረባናል? ባሕር የለን፤ የካሪብያን ጉዳይ ለካሪብያን ሰዎች ይሁን» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ከደጃችን የራቀ አይደለም። ከካምባ ተነሥቶ በገረሴ በኩል ለመንግሥት ሥራ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ ሰው፣ ጉዳዩን ፈጽሞ ከሼቻ አፋፍ ላይ ቁልቁል ቢመለከት ሁለት ሐይቆች ጎን ለጎን ተኝተው ያያል። በሰሜን ያለው አባያ ጎርፍ እንደ ወረደበት ወንዝ ቀይ ቡናማ ነው። በደቡብ ያለው ጫሞ ደግሞ ወደ ሰማያዊና ወደ አረንጓዴ ያደላል። በሁለቱ መካከል ያለው የእግዚአብሔር ድልድይ የሚባለው የኮረብታ ሰንሰለት ብቻ ነው። አንድ ሰማይ በላያቸው ተዘርግቶ፣ አንድ ነፋስ እየነፈሰባቸው፣ መልካቸው ስለ ምን ተለያየ? በሁለቱም ውስጥ ቢሆን እንደ ቦኔር ሰው መነጽር አድርጎ የሐይቁን ወለል ለማየት የማይቻለው ስለ ምንድን ነው?

ይህን ለመረዳት አስቀድሞ የመነጽሩን ምሥጢር ማወቅ ይጠቅማል። የሰው ዐይን የተሠራው በአየር ውስጥ ለማየት ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ዐይናችን ሲገባ በዐይን ብሌን ፊት ባለው ብሩህ ሽፋን ላይ ይታጠፍና መልኩ በውስጥ ተስተካክሎ ይቀረጻል። በውሃ ውስጥ ዐይናችንን ስንከፍት ግን የዐይናችን እርጥበትና የውጪው ውሃ ተመሳሳይ ስለሚሆኑ ብርሃኑ እንደሚገባው አይታጠፍም፤ ስለዚህም ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። መነጽሩ የሚያደርገው ሌላ ነገር የለም፤ በዐይንና በውሃ መካከል ጥቂት አየር ያስቀምጣል። ያን ጊዜ ዐይን የለመደውን አግኝቶ አጥርቶ ያያል። ይሁን እንጂ ጥቂት ማታለል አለበት፤ በመነጽር የታየ ዓሣ ከእውነተኛው መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ያህል ገዝፎ፣ ርቀቱም ቀርቦ ይታያል። ከባሕር የተመለሱ ሰዎች የሚያወሩትን የዓሣ ቁመት በዚሁ መጠን ቀነስ አድርጎ መስማት ይገባል!

የመተንፈሻውም ቱቦ የራሱ ምሥጢር አለው። «ቱቦውን ሁለት ሦስት ሜትር አስረዝሞ እስከ ወለሉ መውረድ አይቻልምን?» ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። አይቻልም። በአንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ውሃው በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1000 ኪሎ ይከብዳል። ይህን ክብደት ገፍቶ ደረትን አስፍቶ ከላይ አየር ለመሳብ የሰው ጡንቻ ዐቅም የለውም። ከዚህም በቀር ቱቦው በረዘመ ቁጥር ያወጣነውን የተቃጠለ አየር መልሰን እንስበዋለን። ስለዚህም ቱቦው ከአንድ ክንድ እምብዛም አይበልጥም፤ ተመልካቹም ከውሃው ገጽ አይለይም። አሳቡ ግን ጥንታዊ ነው፤ የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል ስለ ዝሆን ኩምቢ ሲጽፍ፣ ጠላቂዎች ከውሃው በላይ አየር ከሚስቡበት መሣሪያ ጋር አመሳስሎታል።

በእኛ አካባቢ ይህ ዐይነቱ ሥራ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው በቀይ ባሕር በዳህላክ ደሴቶች ነበር። የዳህላክ ጠላቂዎች ያለ ምንም መሣሪያ ትንፋሻቸውን ይዘው ሉል ያወጡ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 እና በ1953 ደግሞ አንድ የኢጣልያ ጓድ በዚያ ጠልቆ ፎልኮ ኩይሊቺ የተባለው ሰው የታወቀውን የባሕር ፊልሙን አንሥቷል። ኤርትራ ያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ነበረች፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን ራሷን የቻለች አገር ስለሆነች ዳህላክ የጎረቤት ንብረት ነው። ለእኛ የቀሩን ሐይቆቻችን ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። መነጽሩ የቱን ያህል ቢጠራ ውሃው ካልጠራ ከንቱ ነው። የውሃን ጥራት ለመለካት የሳይንስ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚሠሩበትን ቀላል ዘዴ ያስተዋወቀው አንጄሎ ሴኪ የተባለ ኢጣልያዊ ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1865 ነጭ ክብ ሰሌዳ በገመድ አስሮ ወደ ሜዲቴራንያን ባሕር እያወረደ፣ ከዐይን የሚሰወርበትን ጥልቀት ለካ። በጠራ ባሕር ሰሌዳው ሃያና ሠላሳ ሜትር ወርዶ ይታያል። በአባያ ግን ገና አንድ ክንድ ሳይወርድ ይጠፋል። በአባያ ውስጥ እጁን የዘረጋ ዋናተኛ የራሱን ጣቶች አያይም ማለት ነው።

ቦኔር ስለ ምን ጠራ? ዝናብ የሚያንሳት ደረቅ ደሴት ስለሆነች፣ ዓመት እስከ ዓመት የሚፈስስ ወንዝ ስለሌላት፣ አፈር ወደ ባሕሩ የሚያወርድባት ነገር ጥቂት ነው። የውሃውን ጥራት የወሰነው ባሕሩ ሳይሆን የብሱ ነው። በአባያም እንዲሁ ነው፤ ፍርዱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። ከሰሜን ብላቴ፣ ከምሥራቅ ጊዳቦና ገላና፣ ከምዕራብ ደግሞ ከጨንቻ ደጋ የሚወርደው ሀሬ፣ ሌሎችም ወንዞች በየክረምቱ ቀዩን አፈር ተሸክመው ይገቡበታል። ሐይቁ ስፋቱ ከ1000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ በአማካይ 10 ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በመታው ቁጥር ከወለሉ ይታወካል፤ የዘቀጠውም ተመልሶ ይነሣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። አፈሩ ነፋስ በሌለበት ጊዜ እንኳ ፈጥኖ አይዘቅጥም። የሸክላ አፈር ቅንጣቶች እጅግ የደቀቁ ናቸው፤ በላያቸውም አንድ ዐይነት የኤሌክትሪክ ኀይል ስላለ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። በባሕር ውስጥ ብዙ ጨው ስላለ ይህ መገፋፋት ይከሽፋል፤ ቅንጣቶቹ እየተያያዙ ከብደው ይወርዳሉ። የአባያ ውሃ ግን ጨውነቱ ጥቂት፣ ካልሲየሙም አነስተኛ ስለሆነ ቅንጣቶቹ ተለያይተው እንደ ተንሳፈፉ ይኖራሉ። ስለዚህ የአባያ መልክ የአንድ ክረምት ጎርፍ አይደለም፤ የአያሌ ዓመታት የእርሻ አፈር ነው። በካምባም ሆነ በጨንቻ ደጋ ያለ ገበሬ በድንጋይ እርከን ማሳውን ሲደግፍ፣ እንሰቱንም በጓሮው አፈር አልብሶ ሲያሳድግ፣ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። እርከኑ ፈርሶ ሳይጠገን በቀረበት ዳገት ላይ አፈሩ በአንድ ዶፍ ይወርዳል፤ በአባያ ተፋሰስ ያለ ዳገት እንደሆነ ደግሞ የሐይቁን ወለል ይሞላል።

ጫሞስ? ወደ ጫሞ የሚገባው ዋናው ወንዝ ቁልፎ ነው፤ የሚያመጣውም አፈር ከአባያው ያነሰ ነው። ውሃው በመጠኑ ብርሃን ስለሚያሳልፍ በዐይን የማይታዩ አረንጓዴ ተክሎች ይበዙበታል፤ መልኩም ወደ አረንጓዴ የሚያደላው በእነርሱ ምክንያት ነው። ከሩቅ የጠራ መስሎ ቢታይም ውስጡን ለማሳየት አይበቃም። ነገር ግን ይህ አረንጓዴነት ለዓሣው እንጀራ ነው። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ እነዚህን ደቃቅ ተክሎች ይመገባል፤ ሌላው ዓሣ ቆሮሶውን ይበላል። ጫሞ ስፋቱ የአባያን አንድ ሦስተኛ እንኳ የማይሞላ ሲሆን በዓሣ ሀብት የበለጠው ስለዚህ ነው። ብርሃን በሌለበት ተክል የለም፤ ተክል በሌለበትም ዓሣው ይሳሳል።

በደፈረሰ ውሃ የሚኖሩት ፍጥረታትም እንደ ኑሯቸው ተዘጋጅተዋል። አምባዛ ባይታየው በአፉ ዙሪያ ባሉት ረጃጅም ጢሞች እየዳሰሰና እየቀመሰ ምግቡን ያገኛል፤ አየር ባነሰበት ውሃ ደግሞ ወደ ላይ ብቅ ብሎ ከሰማይ በታች ያለውን አየር ይተነፍሳል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ።

ከሁሉም ግን ተፈጥሮ መነጽሩንም ቱቦውንም አሟልታ የሰጠችው አዞ ነው። አፍንጫው፣ ዐይኑና ጆሮው በራሱ አናት ላይ በአንድ መስመር ስለተቀመጡ፣ ሌላው ሰውነቱ በውሃ ውስጥ ተሰውሮ ሳለ ይተነፍሳል፣ ያያል፣ ይሰማል። ሲጠልቅ በዐይኑ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ሦስተኛ ሽፋን ይጋርዳል። በጉሮሮውም ጀርባ ያለው ክዳን ስለሚዘጋ አፉን በውሃ ውስጥ ቢከፍት ውሃ ወደ ሳንባው አይገባም። በመንጋጋዎቹ ላይ ደግሞ ነጠብጣብ የሚመስሉ የስሜት ሕዋሳት አሉት፤ በእነዚህ የውሃውን ጥቂት እንቅስቃሴ ያውቃል። እንግዲህ በአባያ ጭቃ ውስጥ ሰው ምንም አያይም፤ አዞው ግን ሰውየው እግሩን ሲያወዛውዝ ከሩቅ ያውቃል። በእነዚህ ሐይቆች መዋኘት የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። በሐይቆቹ ላይ አምባች ከሚባለው ቀላል እንጨት በተሠራ ታንኳ የሚያሠግሩ ሰዎች ከውሃው ከፍታ ብዙ ስለማይርቁ፣ በአዞ የተነጠቁ አሉ። ዓሣ ለከተማ ሰው ገበታ የሚደርሰው በዚህ ዋጋ መሆኑ ሊታወቅ ይገባል።

ጉማሬም ቢሆን የዋህ አይደለም። ቀን በውሃ ውስጥ ይውላል፤ ትንፋሹን አምስት ደቂቃ ያህል ይዞ በወለሉ ላይ ይራመዳል እንጂ እንደ ዓሣ አይዋኝም። ሌሊት ወደ የብስ ወጥቶ እስከ 40 ኪሎ የሚደርስ ሣር ይግጥና ፋንድያውን መልሶ ወደ ሐይቁ ያገባል። በዚህም ሐይቁን እንደ ማሳ ያዳብራል።

በጫሞ ውስጥ አንድ መቶ ኪሎ የሚያልፍ የዓሣ ዐይነት አለ፤ የአርባ ምንጭ ሰዎች ነጭ ዓሣ ይሉታል፤ ፈረንጆች በዓባይ ስም ይጠሩታል። የዓባይ ዓሣ ዓባይ በማይደርስበት ሐይቅ እንዴት ተገኘ? መልሱ በጫሞ ደቡብ ይገኛል። በጥንት ዘመን ዝናብ በበዛ ጊዜ አባያ ሞልቶ ወደ ጫሞ፣ ጫሞም ሞልቶ በሰገን ወንዝ ወደ ጨው ባሕር፣ ከዚያም ወደ ቱርካና ሐይቅና ወደ ነጭ ዓባይ ይፈስስ ነበር። ዓሣው በዚያ መንገድ ተጓዘ። የጫሞ ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቦይ ዛሬም ስሙ መተናፈሻ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ስም ማንም ሊያወጣለት አይችልም።

ይኸው ዓሣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ በሰው እጅ ወደ ቪክቶርያ ሐይቅ ገብቶ አያሌ የትንንሽ ዓሣ ዘሮችን አጥፍቷል። በጫሞ ግን ከጥንት የነበረ ነውና አጥፊ አልሆነም፤ ይልቁን የሚጠፋው እርሱ ሆኗል። ዐይኑ ጠባብ የሆነ መረብ ሳያድግና እንቁላል ሳይጥል ስለሚይዘው ከቀድሞው እጅግ ቀንሷል። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን ሌሊት በሐይቅ ላይ የሚጣለውን መረብ ዐይን የሚለካው የአዋጁ ወረቀት ሳይሆን ታንኳና ነዳጅ ያለው ተቆጣጣሪ ነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን በጀት የምትደለድሉ አንባቢዎች ይህን ታውቃላችሁ።

ለመጎብኘት የምታስቡ እንደሆነ፣ በጫሞ ላይ ሞተር ባለው ጀልባ ወደ አዞ ገበያ መሄድ ነው። በዚያ አዞዎች ከውሃው ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ጠዋት ይሻላል፤ ከጀልባውም ውጭ እጅን አለመዘርጋት ነው። ከሐይቆቹ ምሥራቅ ያለው የነጭ ሣር ሜዳ፣ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ነው።

እስከ ወለሉ የሚታይ ውሃ ለማየት የፈለገ ግን ወደ ሐይቆቹ ሳይሆን ከከተማው ግርጌ ወዳለው ጫካ ይውረድ። ለከተማይቱ ስም የሰጡት ምንጮች በዚያ ከገደሉ ሥር ይፈልቃሉ። ይህም በደጋው ላይ የወረደው ያው ዝናብ ነው፤ ነገር ግን በአፈሩ ላይ ሳይሮጥ በአለቱ ውስጥ ሰርጎ የወጣ ስለሆነ፣ በሥሩ ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። የከተማው ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ ነውና በዐይን ብቻ መግባት ይበቃል።