ልጄ ሶፋ አዳሽ ሆነ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሶፋ ነው። «መምህር ሆኖ ስለ ሶፋ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። በትዕግሥት አንብቡልኝ፤ ልጅ ያሳደጋችሁ ሁሉ ነገሩ ይመለከታችኋል።

ትልቁ ልጄ የጦር ሠራዊት አገልግሎቱን ጨርሶ በመጣ በዓመቱ፣ አንድ ዓርብ ሰንበት ሊገባ ሲል፣ «አባዬ፣ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ከአጎቴ ጋር ሥራ ልማር ነው» አለኝ። አጎቱ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ራፓድ ነው። የሶፋና የወንበር ልብስ ይቀይራል፤ የተሰበረውን ይጠግናል፤ የረገበውን ይወጥራል። በከተማችን የፋብሪካ ሠፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ አለችው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተቆጣሁ። «የሰው ልጅ ሳስተምር ፀጉሬ ሸበተ፤ የኔ ልጅ ግን ምስማር ሊመታ ነው?» አልኩት። አልመለሰልኝም። እሑድ ጠዋት ተነሥቶ ወደ አጎቱ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ከ«ሻባት ሻሎም» ያለፈ ነገር አልተባባልንም።

ቁጣው ከየት መጣ?

ኋላ ራሴን ስመረምረው ቁጣው የዚያን ቀን አልነበረም። የተወለድኩት ደምቢያ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ኦሪቱን ያስተምሩናል፣ ጸሎቱን ይመራሉ። በሥራ ቀን ደግሞ ሸማኔ ነበሩ። አጎቴ ቀጥቃጭ ነበር፤ እናቴና አክስቶቼ ሸክላ ይሠሩ ነበር። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት ማረሻው ሲደነዝዝ፣ ጋቢው ሲያልቅ፣ ድስቱ ሲሰበር ወደ እኛ ይመጣል። ዞር ሲል ግን «ጠይብ» ይለናል፣ «ቡዳ» ይለናል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ስገባ አንዳንድ ልጆች አጠገቤ መቀመጥ ይፈሩ ነበር። ከዚያ ስድብ የማመልጠው በደብተርና በእርሳስ ነው ብዬ አመንኩ፤ አመለጥኩም።

ልጄ መዶሻ ሲያነሣ የታየኝ ያ ስድብ ነው። ልጁ ግን ስድቡን አያውቀውም። እዚህ ተወልዶ እዚህ ያደገ ነው።

የአባቴ ጠፍር

ወደ ወርክሾፑ የሄድኩት በባለቤቴ ትእዛዝ ነው። የሳሎናችን ሶፋ መሐሉ ወርዶ፣ እንግዳ ሲቀመጥበት ጉልበቱ አገጩን ሊነካው ይደርስ ነበር። «አዲስ እንግዛ» ብላት «ወንድሜና ልጅህ እያሉ?» አለችኝ።

ሶፋውን አውርደን መሬት ላይ እንዳስቀመጥነው ልጄ አንዱን የፊት እግር 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አደረገው። ሌላውም የፊት እግር አብሮ ተነሣ። «አጥንቱ ደኅና ነው» አለ። ይህችን ፈተና እናንተም ቤታችሁ ሞክሯት። ሌላው እግር መሬት ላይ ከቀረ፣ መገጣጠሚያው ላልቷል ወይም እንጨቱ ደክሟል ማለት ነው። ውስጡ ደኅና እንጨት ከሆነ ይታደሳል። ከተፈጨ እንጨት የተጫነ ርካሽ ጣውላ ከሆነ ግን ምስማር በደንብ አይዝም፤ ሐቀኛ ራፓድ «ገንዘብዎን አያባክኑ» ብሎ ይመልሳችኋል።

ከዚያ አሮጌውን ጨርቅ ገፈፈው። አልቦጫጨቀውም፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቁጥር እየጻፈ፣ ፎቶ እያነሣ አስቀመጠው። አሮጌው ጨርቅ ለአዲሱ መለኪያ ይሆናል። ጨርቁና ስፖንጁ ሲነሡ ከሥር የላላው ነገር ታየ፤ በወርድና በቁመት የተጠላለፉ ሰፋፊ የላስቲክ ቀበቶዎች ናቸው። አሮጌዎቹን ነቃቅሎ አዲሶቹን እየሳበ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈ፣ ጫፋቸውን በእንጨቱ ላይ ይመታል።

ቆሜ ሳየው ጠፍር ሆነብኝ። አባቴ የበሬ ቆዳ ዘፍዝፈው፣ በቀጭን በቀጭኑ ቀደው፣ ርጥብ ሳለ በአልጋው ላይ እንዲሁ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፉ ይወጥሩት ነበር። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጠብቃል። ጫፉን የምይዝላቸው እኔ ነበርኩ። «ልጄ፣ ይህን እኮ አያትህ ይሠሩት ነበር» አልኩት። መዶሻውን አስቀመጠና «እንዴት አድርገው?» አለኝ። ያን ቀን እስኪመሽ አወራን።

የቀረውም ሥራ ዕውቀት ይጠይቃል። ለመቀመጫ በሜትር ኪዩብ ከ30 እስከ 35 ኪሎ የሚመዝን ስፖንጅ ይመረጣል፤ ለጀርባ ቀለል ያለው ይበቃል። የሶፋ ጨርቅ ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር ከ40 ሲሆን፣ የሦስት ሰው ሶፋ 12 ሜትር ገደማ ይፈጃል። ባለ መስመር ወይም ባለ አበባ ከሆነ ሥዕሉን ለማገናኘት ተጨማሪ ያስፈልጋል። የጨርቁ ጥንካሬ ማርቲንዴል በሚባል የፍትጊያ ቁጥር ይነገራል፤ ለቤት 20,000 ይበቃል፣ የልጅ ልጆች የሚዘሉበት ቤት ግን 30,000 ቢሆን ይሻላል። አንዳንድ ሃይማኖተኛ ደንበኛ ደግሞ «ሻዓትኔዝ የለበትም ወይ?» ይላል። ኦሪት የከለከለችው የሱፍና የተልባ እግር ቅልቅል እንዳይሆንበት ነው። መጀመሪያ ይህን የተጠየቀ ቀን ልጄ ደውሎ እኔን ጠየቀኝ። ደስ አለኝ።

እጁ ያውቃል፣ ዋጋ ግን አልተማረም

ሁለት ዓመት ተምሮ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ አንድ የሦስት ሰው ሶፋ ነበር። ደንበኛው «ስንት?» ሲለው ቶሎ ብሎ «1,800 ሼቄል» አለ። ወረቀት የለ፣ ፊርማ የለ። ጨርቁን ሲገፍፍ እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ተሰንጥቆ አገኘው። ደወለለት። ሰውየው «ዋጋ ተነጋግረናል፣ አንዲት ሼቄል አልጨምርም» አለ።

ማታ ከልጄ ጋር ተቀምጠን በተማሪ ደብተር አሰላነው። ጨርቅ 12 ሜትር በ60 ሼቄል 720፤ ስፖንጅ 450፤ ቀበቶ፣ ዚፕ፣ ክርና ሙጫ 150፤ ማመላለሻ መኪና 300። ድምሩ 1,620። ለሦስት ቀን ድካም 180 ሼቄል ቀረው፤ ለቀን 60 ማለት ነው። ኪራዩና መብራቱ ገና አልተነሣም! የኪሳራውን ምክንያት ሳየው የእጁ ጉድለት አልነበረም። እኛ ወላጆች «ገንዘብ መጠየቅ ነውር ነው» እያልን ነው ያሳደግናቸው፤ ልጁ ዋጋውን ለመናገር አፈረ።

ትክክለኛውን ሒሳብ እንደገና ጻፍነው። ዕቃው 1,320፣ መኪናው 300፣ ሥራው ሦስት ቀን በ8 ሰዓት፣ ሰዓቱ በ70 ሼቄል 1,680፣ ከኪራይ፣ ከመብራትና ከኢንሹራንስ የሚደርሰው 300። ድምሩ 3,600 ሆነ፤ ከተናገረው እጥፍ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት አበጀ። ሶፋውን ሳያይ ዋጋ አይናገርም። ዋጋውን፣ የጨርቁን ዓይነትና የሚያስረክብበትን ቀን ጽፎ ያስፈርማል። «ከሥር ስብራት ከተገኘ ከመቀጠላችን በፊት እንነጋገራለን» የምትል መስመር አትቀርም። የጨርቅና የስፖንጁን ዋጋ በቅድሚያ ይቀበላል፤ ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስምና። ከፋሲካ በፊት ሥራ ይጎርፍለታል። አገር ቤት አሮጌው ሸክላ ተሰብሮ አዲስ እንደሚገባ፣ እዚህም ሰው ለበዓሉ ቤቱን ያድሳል። ከበዓል በኋላ ግን ስልኩ ዝም ይላል፤ ስለዚህ በበዛበት ወር ለባዶው ወር ማስቀመጥን ተምሯል።

የመንግሥት በሮች

ሥራ የሚከፍት ሰው የሚያንኳኳቸው ሦስት በሮች አሉ፤ ማዓም (የተጨማሪ እሴት ታክስ)፣ ማስ ሐክናሳ (የገቢ ግብር) እና ቢቱዋህ ለኡሚ። ትንሹ ነጋዴ «ዖሴክ ፓቱር» ሆኖ ይመዘገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ፓቱር» ማለት ከደንበኛ ማዓም ከመሰብሰብ ነፃ ማለት ነው እንጂ ከሁሉ ግብር ነፃ ማለት አይደለም። ገቢውን በየዓመቱ ማስታወቅ አለበት፤ ለቢቱዋህ ለኡሚም እንደ ግል ሠራተኛ ይመዘገባል።

ሁለተኛው ስሕተት ጣሪያው ነው። በ2025 የዖሴክ ፓቱር ጣሪያ በዓመት 120,000 ሼቄል ነበር። ይህ የተረፈው ትርፍ አይደለም፤ በእጁ የገባው ገንዘብ ሁሉ ነው። በ3,600 ሒሳብ በዚያ ዓመት 34ኛው ሶፋ ላይ ጣሪያው ያልፍ ነበር፤ በወር ሦስት ሶፋ እንኳ አይሞላም ነበር። ያለፈው «ዖሴክ ሙርሼ» ይሆናል፤ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ 18 በመቶ የሆነውን ማዓም በዋጋው ላይ ይጨምራል። ያው ሶፋ ለደንበኛው 4,248 ይሆናል። በአንጻሩ በጨርቅና በስፖንጅ ላይ የከፈለውን ማዓም ይቀንሳል፤ ፓቱር ይህን ማድረግ አይችልም።

የኪራይ ውል ከመፈረሙ በፊት ደግሞ ለዚያ ቦታ ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ዒሪያውን ይጠይቅ። ስፖንጅና ሙጫ ቶሎ የሚቀጣጠሉ ናቸውና የእሳት ማጥፊያና ኢንሹራንስ አይርሳ። ለአነስተኛ ነጋዴዎች ምክርና ሥልጠና የሚሰጡ ማዖፍ እና ማቲ የሚባሉ ማዕከላት አሉ። ልጄ ስለ ዋጋ አወጣጥ ኮርስ የወሰደው ከኪሳራው በኋላ ነው፤ የናንተ ልጆች ከኪሳራው በፊት ይሂዱ።

እኛስ?

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ «የእጅ ሥራ ልማር ነው» ብሎ ቢመጣ፣ እኔ እንዳደረግሁት አታድርጉ። ዩኒቨርሲቲ መልካም ነው፤ እኔም ዕድሜዬን በትምህርት ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝ። ግን መጀመሪያ ሄዳችሁ ሥራውን እዩ። ከዚያ «ዋጋህን ጽፈሃል? ደረሰኝ ትሰጣለህ? ለግብሩ አስቀምጠሃል?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሙሴ የምስክሩን ድንኳን ሲያሠራ ከባስልኤል ጋር የተመረጠው ባለሙያ ኤልያብ ነበር፤ በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በቀይ ግምጃ የሚሠራ። ነገዱ ዳን እንደ ነበር ኦሪት ይነግረናል። እኛም ከዳን ነን እያሉ አባቶቻችን የነገሩንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህን ምዕራፍ በልጅነቴ ከአባቴ አፍ ሰምቼዋለሁ። ልጄን በተቆጣሁበት ቀን ግን ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ የጎረቤት ስድብ ነው።

ባለፈው ሰንበት አማቼና ልጄ በዚያው በታደሰው ሶፋ ላይ ተቀምጠው ስለ ሙጫ ይከራከሩ ነበር። ከንግግራቸው ግማሹ አልገባኝም፤ ዳቦውን እየቆረስኩ አዳመጥኳቸው።

ቸር ይግጠመን።